ዝም ሲሉት የሚቀጥል ውል

ታናሽ እህቴ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። ዲቪ ደርሷት ከሄደች ወዲህ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። የቀጠራት ግን መጦሪያው ሳይሆን ሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ ነው፤ የጤና ኢንሹራንስ የሚገባላት አሠሪ የላትም። እኔ እዚህ ጎንደር እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ርካሽ ኢንሹራንስ ለማቋረጥና ገንዘቧን ለማስመለስ ሁለታችንም ብዙ እንቅልፍ አጥተናል። በከተማችን አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ብዙ ነው። ዘመዳችሁ እንዲህ እንዳይቸገር ይህን አንብባችሁ ላኩለት።

መግዛቱማ ምንም አልከበዳትም። ስልኳ ላይ ርካሽ የጤና ኢንሹራንስ ብላ ፈለገች። ስሟን፣ ዕድሜዋንና ስልክ ቁጥሯን የሚጠይቅ ፎርም መጣላት፤ ሞላችው። ከዚያ በኋላ ስልኳ እረፍት አጣ። ፎርሙ የኢንሹራንስ ኩባንያ አልነበረም። የሰው ስልክ ቁጥር እየሰበሰበ ለሻጮች የሚሸጥ ነው። እዚያ አገር ይህ ራሱን የቻለ ንግድ ነው።

ከደወሉት ሁሉ አንዱ በጣም ትሁት ነበር። በወር ከ100 ዶላር በታች ከፍላ ሙሉ ሽፋን እንደምታገኝ፣ ካርዱን ብዙ ሐኪሞች እንደሚቀበሉት፣ ዋጋው ግን ለዛሬ ብቻ እንደሆነ ነገራት። ቀጥሎ "አሁን የማነብልሽን እየሰማሽ 'የስ' በይ፤ እየተቀዳ ነው" አላት። እሷም የስ፣ የስ አለች። የባንክ ካርዷን ቁጥር ሰጠች። በቃ፣ አለቀ።

እህቴ ጠንቃቃ ልጅ ናት። አራዳ ገበያ ወጥታ ሳትከራከር ሽንኩርት አትገዛም ነበር። ምን ነክቶሽ ነው ስላት፣ "እትዬ፣ ቀስ ብሎ ነው ያናገረኝ። እዚህ ማንም ቀስ ብሎ አያናግረኝም" አለችኝ። ይህ አነጋገሯ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። የሰውየው ሙያ ይህ ነበር። አዲስ የመጣ፣ ቋንቋው ገና ያልተፍታታለት፣ አገሩን የማያውቅ ሰው ምን እንደሚናፍቀው ያውቃል።

አንገቷ ላይ ትንሽ እብጠት አለ። እዚህ እያለች ጀምሮ የነበረ ነው፤ እንቅርት በደጋው አገራችን ብርቅ አይደለም። ያደገ መስሎ ሲታያት ካርዱን ይዛ ክሊኒክ ሄደች። እንግዳ ተቀባይዋ ካርዱን ተቀብላ ኮምፒውተሩን አየች፣ ስልክ ደወለች፣ ከዚያ በመስታወቱ ሥር ወደ እህቴ መልሳ ገፋችው። ካርዱ ለአንድ የሐኪም ጉብኝት 50 ዶላር ይከፍላል። ለአልትራሳውንድ ምንም። ለደም ምርመራ ምንም። ከመግዛቷ በፊት የነበረ ሕመም ደግሞ ጭራሽ አይነካም። እብጠቱ ከነበረ ቆይቷል፤ ስለዚህ ለእሱ 50 ዶላሩም የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ወጥመዱ ያለው እዚህ ነው። አሜሪካ በ2010 እ.ኤ.አ. ትልቅ የጤና ኢንሹራንስ ሕግ አወጣች። በዚያ ሕግ መሠረት ከ2014 ጀምሮ ሰው በግሉ የሚገዛውን ሙሉ ኢንሹራንስ የሚሸጥ ኩባንያ ሕመም አለብህ ብሎ ማንንም መመለስ አይችልም፤ ሆስፒታል መተኛትን፣ ወሊድን፣ መድኃኒትን የመሳሰሉትንም የመሸፈን ግዴታ አለበት። ከዚህ ሕግ ውጭ የቀሩ ሌሎች ዓይነቶች ግን አሉ። አንደኛው ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚገዛ ነው። ሌላው ለአንድ ጉብኝት ወይም ለአንድ የሆስፒታል ቀን ይህን ያህል ብር ብሎ ቁርጥ የሚከፍል ነው። ሁለቱም በፌዴራል ሕግ የተፈቀዱ ናቸው። ሁለተኛው ሌላ ሙሉ ኢንሹራንስ ላለው ሰው መደጎሚያ ሊሆንም ይችላል። በደሉ የሚመጣው ሻጩ ይህንኑ መደጎሚያ ሙሉ ኢንሹራንስ ነው ብሎ ሲሸጥ ነው።

እህቴ የመጀመሪያዋ አይደለችም። ፍሎሪዳ ውስጥ ሲምፕል ሄልዝ የሚባል ድርጅት ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2018 እ.ኤ.አ. ከሰሰው፤ ክሱም ሙሉ የጤና ኢንሹራንስ ነው እያለ ለሰው የማይረባ ነገር ሸጧል የሚል ነበር። በ2024 ፍርድ ቤት 195 ሚሊዮን ዶላር ፈረደበት። በ2022 ደግሞ ቤነፊት የሚባል ሌላ ድርጅት በተመሳሳይ ክስ 100 ሚሊዮን ዶላር ለደንበኞች ተመላሽ እንዲሆን ተስማምቷል። የእህቴ ሻጭ ሌላ ነው፤ ከእነዚህ ጋር አላገናኘውም። ይህን የምጠቅሰው እህቴ "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እንግሊዝኛዬ ነው" እያለች ራሷን ስትወቅስ ያጽናናኋት በዚህ ስለሆነ ነው። ከተታለሉት መሀል እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎችም አሉ።

አሁን ወደ ማቋረጡ ልግባ።

እህቴ ፈረቃዋን የምትጨርሰው በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። የእነሱ ቢሮ የሚዘጋው በእኛ እኩለ ሌሊት ላይ። ያለችን ሁለት ሰዓት ናት። እሷ ሁለት ስልክ አላት፤ አንዱ የሥራ ነው። በአንዱ ኩባንያውን ትደውላለች፣ በሌላው እኔን በቴሌግራም። ሁለቱንም ስፒከር ላይ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ታስቀምጣቸዋለች። እኔ ጎንደር ተቀምጬ በሁለት ስልክ የተላለፈ የጥበቃ ሙዚቃ እሰማለሁ። አንዳንዴ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ያኔ እሷ የሰማችውን በጽሑፍ ትልክልኛለች፣ እኔ የምትመልሰውን ጽፌ እልክላታለሁ። እማዬ ከመኝታዋ ሆና "ምነው ልጄ፣ ሌሊት ሌሊት በፈረንጅ አፍ ከማን ጋር ነው የምትጨቃጨቂው?" ትለኛለች። ገንዘቡ ለእሷ በየወሩ ከሚላከው ላይ እየጎደለ እንደሆነ አልነገርናትም። ብትሰማ አትላኩልኝ እንደምትል እናውቃለን።

ካርዱ ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር ሲደወል "እኛ የሕክምና ክፍያ ብቻ ነው የምናስተናግደው፤ ለማቋረጥ የሸጠልሽን ጠይቂ" ይላል። የሸጠላት ሲደወል "እኛ ደንበኛ መዝጋቢ ነን፤ የአባላት አገልግሎትን ጠይቂ" ይላል። የአባላት አገልግሎት የሚባለው የአንድ ማኅበር ነው። ለካስ የስ፣ የስ ስትል ማኅበርም ገብታለች። ለማኅበሩ የመመዝገቢያና የወር መዋጮ ትከፍላለች። ማኅበሩ ምን እንደሚሠራ ጠየቅን። የመነጽርና የሆቴል ቅናሽ ይሰጣል አሉ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ለማቋረጥ ስትደውል ስልኩን የምታነሳው ሴት ናት። "ለምን? ምን አጠፋን? ብትታመሚስ? ልጆች የሉሽም?" ትላታለች። እህቴ ሰው አሳፍራ መመለስ አትችልም። በእኛ ወግ ያሳደጓት ልጅ ናት፤ ለጠየቃት ሁሉ መልስ ትሰጣለች። በመጨረሻ "ለምን እንደምታቋርጪ መናገር ግዴታ የለብሽም። 'አቋርጡልኝ፣ የማረጋገጫ ቁጥር ስጡኝ' ብቻ በይ፤ ደጋግመሽ ይህንኑ በይ" አልኳት። እንደዚያ ስትል ሴትየዋ ድምጿ ተለወጠ። "በስልክ አይቻልም፤ በጽሑፍ አስገቢ፣ ከ30 ቀን በኋላ ይቋረጣል" አለች።

በስልክ የስ ተብሎ የተገባ ውል በስልክ ኖ ተብሎ አይወጣበትም። ይህን እዚህ ስጽፍ እንኳ ያናድደኛል።

ጎረቤታችን ጠበቃ ናቸው። ነገሩን ሳጫውታቸው ከመደርደሪያ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አወጡና አሳዩኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣ ነው። ቁጥር 1725 የኢንሹራንስ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት ይላል። ትንሽ ገጾች ወደ ኋላ ስንመለስ ቁጥር 1682፦ ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም። እርግጥ ይህ የእኛ ሕግ ነው፤ ቨርጂኒያ ላይ አይሠራም። ሕጋችን ላይ ያለው ሁሉ ተግባር ላይ አለ ማለቴም አይደለም። ግን ያን ሌሊት ተኝቼ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። የእህቴ ውል ያለ ወረቀት ተገብቶ በዝምታ ይቀጥላል። ብትረሳ ይቀጥላል፤ ብትታመም ይቀጥላል፤ ሥራ በዝቶባት ሳትደውል ብትቀር ይቀጥላል። ዋጋውን ርካሽ ያደረገው ይኸው ነው። የወር ክፍያው አነስ ያለ ነው፤ ሰው ለማቋረጥ የሚወስድበትን ምሽት ሲያስብ ተስፋ ቆርጦ መክፈሉን ይቀጥላል።

ቆላ ድባ ያለችው አክስቴ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ናት። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ከእነሱ አንዱ በደቡብ ጎንደር ያለው ፎገራ ነበር። አክስቴ የምትከፍለው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፣ ያውም እህል ከገባ በኋላ፣ ለመላው ቤተሰብ። ፎቶ የተለጠፈበት ደብተር አላት። ስትታመም መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፤ ከበዛ ሪፈር ተጽፎላት ወደ ጎንደር ትመጣለች፣ ያኔ ከእኛ ዘንድ ታርፋለች። ጉድለቱን አልሸፍንም። መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ ተብላ የሐኪም ወረቀት ይዛ ፋርማሲ ለፋርማሲ ስትዞር አብሬያት ዞሬያለሁ። ከፍላ ሳትታከምበት የሚያልፍ ዓመትም አለ፤ ያኔም ብሩ ተመላሽ የለውም። አንድ ነገር ግን በትክክል ተሠርቷል። ካላሳደሰች ያበቃል። ማቋረጥ የሚባል ሥራ የለባትም። ሄዳ ካልከፈለች ማንም ከኪሷ አይወስድም። ሰብሳቢው ራሱ መጥቶ ለምን እንደሚጠቅም ማስረዳት አለበት። የዝምታው ዕዳ በሰብሳቢው ላይ እንጂ በእሷ ላይ አይደለም።

እህቴ ጋ ልመለስ። የፖስታው ውስጥ ወረቀቶች በሙሉ ፎቶ እያነሳች እንድትልክልኝ ጠየቅኋት። ከካርዱ ጋር የመጣ፣ ማንም የማያነበው፣ ጥቃቅን ጽሑፍ ያለበት ነው። እዚያ መሀል አገኘሁት፦ ውሉ ከደረሰሽ ጀምሮ በ10 ቀን ውስጥ መርምረሽ ካልወደድሽው መልሺ፤ የከፈልሽው አረቦን (የኢንሹራንሱ ክፍያ) ይመለሳል። በኋላ እንደተረዳሁት ይህ የኩባንያው ቸርነት አይደለም። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ለግል የጤና ኢንሹራንስ እንዲህ ያለ የመመርመሪያ ቀን በሕግ የተሰጠ ነው። እህቴ ደግሞ ክሊኒኩ በመለሳት ማግሥት፣ ቀኑ ገና ሳያልፍ፣ ደውላላቸው ነበር። ያኔ "የመጀመሪያው ወር ይለቅ፤ ከዚያ ደውይ" ብለው ነው የሸኟት።

መደወሏን በምን እናስረዳ? እነሱ ይቀዳሉ እንጂ እሷ አልቀዳችም። ግን ስልኳ ያስታውሳል። የጥሪ መዝገቡን ከፍታ ወደ ኋላ ሄደች፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ያናገረችው ደቂቃ ሁሉ አለ። ስክሪንሾት አነሳችው። የጉዳያችን ዋና ማስረጃ ይህ ሆነ።

ደብዳቤውን አብረን ጻፍን። አጭር ነው። ውሉ የደረሰኝ በዚህ ቀን ነው፤ እንድታቋርጡ በዚህ ቀን በስልክ ጠይቄአለሁ፣ ማስረጃው ተያይዟል፤ የወሰዳችሁትን ሁሉ መልሱ፤ ከእንግዲህ ከሂሳቤ እንድትወስዱ የሰጠሁትን ፈቃድ አንስቻለሁ። እህቴ መጀመሪያ ላይ ስለ ሕመሟና ስለ እማዬ ረጅም ነገር ጽፋ ነበር። አንብቤው አለቀስኩ፤ ቢሆንም አወጣነው። እዚያ የሚያነበው ሰው የሚፈልገው ቀንና ቁጥር ነው። በአደራ ደብዳቤ ለኢንሹራንሱም፣ ለሻጩም፣ ለማኅበሩም ላከችው። የደረሰኙን ወረቀት አስቀመጠች።

ከዚያ ባንክ። በቀጣዩ ወር ክፍያ እንዳይወሰድ ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን ቀደም ብሎ ለባንኩ መንገር ያስፈልጋል። አንድ ችግር ገጠማት፤ ባንኩ "የትኛውን ድርጅት እንከልክል?" አላት። ስቴትመንቷ ላይ ሦስት የተለያየ ስም አለ። አንዱ የኢንሹራንሱ፣ አንዱ የማኅበሩ፣ ሦስተኛው ደግሞ የትም ወረቀት ላይ የሌለ፣ ፊደላትና ቁጥር ብቻ የሆነ ስም ነው። ሁለቱን ከልክለው ሦስተኛው ቢቀር በዚያ በኩል ይገባል። ሦስቱንም አስከለከለች፣ ካርዷንም አስቀየረች። ስቴትመንቱን መስመር በመስመር ባታየው ኖሮ ሦስተኛውን አናገኘውም ነበር።

ደብዳቤው መልስ ሳያገኝ ሲቆይ ወደ ተቆጣጣሪው ሄድን። እኛ አገር ኢንሹራንስን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው። አሜሪካ ግን በዋናነት እያንዳንዱ ግዛት ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ የኢንሹራንስ ቢሮ አለ። አቤቱታ ማቅረብ ብር አይጠይቅም። ቢሮው አቤቱታውን ለኩባንያው ይልካል፤ ኩባንያው በጽሑፍ መልስ መስጠት አለበት። እህቴ መንግሥት ቤት መሄድ ፈራች። "ግሪን ካርዴ ላይ ችግር ቢመጣስ?" አለችኝ። ይህን ፍርሃት ብዙ ዘመዶቻችን እንደሚጋሩት ስለማውቅ ነው የምጽፈው። ገንዘቤን መልሱልኝ ብሎ ማመልከት ወንጀል አይደለም፤ መብት ነው።

አቤቱታው ከገባ በኋላ የኩባንያው አነጋገር ተለወጠ። ለምን፣ ምን አጠፋን የሚል ሰው ቀረ። ይቅርታ የሚል ኢሜይል መጣ። አረቦኑ በሙሉ ወደ ሂሳቧ ተመለሰ። በደወለችልኝ ጊዜ ሥራ ላይ ነበረች፤ ኮሪደር ላይ ቆማ በሹክሹክታ "እትዬ ገባ! ገባ!" ትላለች። እኔም ክፍል ልገባ ስል ነበር፤ ከተማሪዎቼ ፊት እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

አንገቷን በተመለከተ፣ ባላት አቅም የሚያስከፍል አንድ የማኅበረሰብ ክሊኒክ አግኝታ ታየች። ክፉ ነገር አይደለም ተብላለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ክትትሉ ይቀጥላል።

ለሚቀጥለው ዓመት ሙሉ ኢንሹራንስ ተመዝግባለች። ርካሹን በራሷ ፈቃድ ማቋረጧ የተለየ የመመዝገቢያ ጊዜ ስለማያሰጣት የዓመቱን ምዝገባ መጠበቅ ነበረባት። ምዝገባው በፈረንጅ ኖቬምበር 1 ይከፈታል። ብዙ ግዛቶች የሚጠቀሙት ሄልዝኬር ዶት ገቭ የሚባለውን የመንግሥት ገበያ ነው። ቨርጂኒያ ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የራሷ አላት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከዚያ መግዛት ይችላል፤ ገቢው አነስ ካለ ድጎማ ሊያገኝ ይችላል። አስተርጓሚ ሲጠየቅ ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። እህቴ በአማርኛ ተነጋግራ ነው የተመዘገበችው፤ እኔን አላስፈለጋትም። ዘመዳችሁ ገና ያልገዛ ከሆነ በስልክ ከመጣ ሻጭ በፊት እዚያ ይጠይቅ። ስልክ የደወለለት ካለም "ወረቀቱን መጀመሪያ ላክልኝ፣ አንብቤ እደውልልሃለሁ" ይበለው። ዋጋው ለዛሬ ብቻ ነው ካለ ስልኩን ይዝጋ።

የቀረን የማኅበሩ ገንዘብ ነው። የመመዝገቢያውና የወር መዋጮው አልተመለሰም። የኢንሹራንስ ቢሮው ማኅበሩ ኢንሹራንስ ስላልሆነ በእኔ ሥልጣን ሥር አይደለም ብሏል፤ ወደ ግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ክፍል መርቶናል። ብሩ ብዙ አይደለም። እህቴ "ይቅር በቃ" ብላ ነበር፤ እኔ አልተስማማሁም። አሁን ተስማምታለች። አቤቱታውን ጽፈን ጨርሰናል፤ የጥሪ መዝገቡና ሦስቱ ስሞች ያሉበት ስቴትመንት ተያይዘዋል። ሰኞ ፈረቃዋ ሲያልቅ ታስገባዋለች።